ቀለሙ ይቆይሽ፤ መጀመሪያ ቤቱ ይድረቅ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ከአክስትሽ የደረሰሽ አሮጌ የአሻንጉሊት ቤት አለ። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ አጠገብ ያለ ዕቃ ቤት ውስጥ ብዙ ክረምት አልፎበታል። የጀርባው ኮምፔርሳቶ ተጣሟል፣ የግድግዳው ወረቀት ተልጧል፣ ከሥሩ ደግሞ ዱቄት የመሰለ ነገር ይረግፋል። «ስቱኮ መትቼ ሙሉውን ቀለም ልቀባው ወይስ ትቼው አዲስ ልሥራ? የውስጥ ዕቃውንስ ከየት አገኛለሁ? ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ሰው አይስቅብኝም ወይ?» ነው ያልሽው።

እስካሁን የመለሱልሽ ሰዎች አብዛኞቹ የቀለም ዓይነት ነው የመረጡልሽ። እኔ ግን ብሩሹን አስቀምጪው ባይ ነኝ።

ጣና ዳር ላይ የአሻንጉሊት ቤት ጠላቱ እርጅና አይደለም፣ እርጥበት ነው። እንጨት እርጥበት ሲስብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ከሰኔ እስከ መስከረም አብጦ በጋ ላይ ይኮማተራል። ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም ኮላው ይለቃል፣ ወረቀቱ ይነሳል፣ በሩ አልዘጋ ይላል። እርጥብ እንጨት ላይ ቀለም ከቀባሽ ውሃውን ውስጥ ዘጋሽበት ማለት ነው። ለጥቂት ወራት ዓይን ይማርካል፣ ከዚያ ቅርፊቱ እየተነሳ ይወድቃል።

ስለዚህ ቤቱን ከዕቃ ቤት አውጪው። ፀሐይ ላይ ግን አደራ እንዳታሰጪው! በአንድ ጊዜ የደረቀ እንጨት ይሰነጠቃል። ነፋስ የሚገባበት ጥላ ክፍል ፈልጊ፣ ጠረጴዛ ላይ አውጪው፣ ከግድግዳው ስንዝር ያህል አርቂው። በጋ ከሆነ ጥቂት ሳምንት ይበቃዋል። ክረምት ከሆነ ታግሰሽ ጥቅምትን ጠብቂ።

እስከዚያ የዱቄቱን ነገር አጣሪ። ያለውን ጠርገሽ ከሥሩ ጥቁር ወረቀት አንጥፊ። ከቀናት በኋላ ወረቀቱ ላይ አዲስ ዱቄት ካየሽ ነቀዙ በሕይወት አለ። ካላየሽ የድሮ ቁስል ሳይሆን አይቀርም፣ ተዪው። በዱቄት ፈንታ የጭቃ መስመር ካየሽ ግን ምስጥ ነው። ያኔ ቤቱን ዛሬውኑ ከሌላው የእንጨት ዕቃ ለዪው።

ነቀዝ ለገባባቸው ትንንሽ ዕቃዎች፣ ማለትም ለወንበር፣ ለአልጋ፣ ለተነቀለ በር፣ ቀላሉ መላ ፍሪዘር ነው። ፕላስቲክ ውስጥ አጥብቀሽ ጠቅልያቸው፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ሁለት ሳምንት ይቆዩ። ሙዚየሞችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። መሃል ላይ መብራት ጠፍቶ ከቀለጠ ቀኑን እንደ አዲስ ቁጠሪ። ስታወጫቸው ፕላስቲኩን ወዲያው አትፍቺው። የክፍሉን ሙቀት እስኪይዙ ጠብቂ፣ አለዚያ ጤዛ ይዟቸው እንደገና ይረጥባሉ። (ከሥጋ ጎን የአሻንጉሊት አልጋ ተቀምጦ ሲገኝ ቤት ውስጥ የሚነሳውን ጭቅጭቅ አንቺው ተወጪው።)

የተጣመመውን ጀርባ መጋዝ ሳታነሺ ማቃናት ይቻላል። ሚስማሩን በጥንቃቄ ነቅለሽ ሰሌዳውን አውጪው። ጎድጎድ ያለውን ፊት ብቻ በረጠበ ጨርቅ አሺው፣ የተነፋውን ፊት አትንኪው። የረጠበው ፊት ሲሰፋ ሰሌዳው ራሱ ወደ ቀጥታው ይመለሳል። ከዚያ በሁለት ንጹሕ ጣውላ መሃል አድርገሽ ድንጋይ ጫኝበትና እስኪደርቅ እዚያው ይቆይ። ሲወጣ ከበስተኋላው ሁለት ቀጭን ጣውላ አግድም በኮላ አጣብቂበት፣ ድጋሚ እንዳይጣመም ይይዘዋል። ለጣውላው ዋንዛ ብታገኚ ደስ ይለኛል። ለመሮ ይመቻል፣ ባሕር ዛፍ እንደሚያደርገው አይጠማዘዝም። እንጨት ቤቶች ብጣሹን ለማገዶ ነው የሚጥሉት። ጠጋ ብለሽ ከጠየቅሽ በትንሽ ብር፣ አንዳንዴም በነፃ ትወስጃለሽ።

የለቀቁ መጋጠሚያዎችን ስታጣብቂ መጀመሪያ አሮጌውን ሙጫ አንሺ። የድሮ ዕቃ ብዙ ጊዜ በእንስሳ ሙጫ የተሠራ ስለሆነ ለብ ባለ ውሃ ይለሰልሳል። ከዚያ ነጩ የአናጢ ኮላ ይበቃል። ሱፐር ግሉ ይቅርብሽ። ዙሪያው ላይ ነጭ ጭጋግ ይተዋል፣ መጋጠሚያውም ሲመታ ቀጭ ይላል።

የግድግዳውን ወረቀት በተመለከተ ሙግት አለኝ። አንቺ «ተልጧልና ላንሳው» ብለሻል። አታንሺው! አክስትሽ መርጣ የለጠፈችው እሱ ነው። የተነሳውን ጠርዝ በቀጭን ብሩሽ ከሥሩ የስንዴ ዱቄት ሙጫ አግብተሽ በጨርቅ ጫን በዪው። ሙጫው በደንብ የበሰለና ቀጭን ይሁን። ከበዛ ሻጋታና ነፍሳት ይጠራል። የቆሸሸውን በጆሮ ማጽጃ ጥጥ፣ እምብዛም በማይታይ ጥግ ሞክረሽ ቀስ እያልሽ ጥረጊ። አትሳቂብኝና የሙዚየም ባለሙያዎች ለዚህ ሥራ ምራቅ ሁሉ ይጠቀማሉ። ውስጡ ያለው ኢንዛይም ቅባትና እድፍ ያላቅቃል።

የውጭውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ላውርደው እንዳትዪ። አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል፣ ብናኙ ደግሞ ለሕፃን መርዝ ነው። ልጅ የሚጫወትበት ከሆነና የሚፈረፈር ቦታ ካለ እዚያችን ብቻ እያረጠብሽ አለስልሻትና በላይዋ አዲስ ቀቢ። ለማስታወሻ ብቻ የሚቀመጥ ከሆነ ጨርሶ አትንኪው።

ስለ መሳቁ፦ ይሳቁ። ይህ ነገር ሲጀመር የልጅ ዕቃ አልነበረም። አምስተርዳም፣ ራይክስሙዚየም ውስጥ ያለው የፔትሮኔላ ኦርትማን ቤት በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተጀመረ የትልቅ ሰው ሀብት ነው። በእንግሊዝ ከ1921 እስከ 1924 በአውሮፓ አቆጣጠር ለንግሥት ሜሪ የተሠራው ደግሞ፣ ኤድዊን ሉትየንስ የሚባል ስመ ጥር አርክቴክት የነደፈው ነው። ቧንቧው ውሃ ያወርዳል፣ መብራቱ ይበራል። ዛሬም ዊንድዘር ቤተ መንግሥት ውስጥ ይጎበኛል። አርክቴክቱ ካላፈረበት እኛ ምን አሳፈረን?

የንግሥት ሜሪ ቤት የተሠራው በአንድ አሥራ ሁለተኛ ልክ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው አብዛኛው የሚጠቀመውም ይህንን ነው። የእውነቱን ዕቃ በሴንቲ ትለኪና ለ12 ታካፍያለሽ። ሁለት ሜትር በር 16 ሴንቲ ተኩል ገደማ ይሆናል። 60 ሴንቲ ምጣድ 5 ሴንቲ፣ 24 ሴንቲ ጀበና 2 ሴንቲ። የውስጥ ዕቃ ከማዘጋጀትሽ በፊት የአሻንጉሊት ቤትሽን በር ለኪ። ገበያ ላይ ያለችው ባርቢ 29 ሴንቲ ያህል ስለሆነች እዚህ ቤት ብትገባ ኮርኒሱን ትበሳለች።

የውስጥ ዕቃ አትግዢ ነው የምለው። የሚመጣው የፈረንጅ ሶፋና የፈረንጅ ምድጃ ነው። መሶብ ሥሪለት። እውነተኛው ስንደዶና አክርማ ለዚህ ልክ በጣም ወፍራም ነው። ቀጭን ሲባጎ ላይ የጥልፍ ክር እየጠመጠምሽ፣ ዙሩን ከሥር በመርፌ እየያዝሽ ወደ ላይ አውጪው። ቀለም የምትቀይሪው ዙሩ የጀመረበት መስመር ላይ ሲደርስ ነው፣ አለዚያ ጥለቱ ይዛባል። ለረከቦቱ ስቴኪኒ፣ ለስኒው ነጭ ጨሌ ይሆናል። ለአልጋ ልብስ የድሮ ነጠላ ጥለት ቁራጭ በቂ ነው። መብራት ካማረሽ በ5 ቮልት የሚሠራ የኤልኢዲ ገመድ ብቻ። የግድግዳ ሶኬት ወደዚህ ቤት አይጠጋ።

«አዲስ ልሥራ ወይ» ላልሽው፣ አሮጌውን ሳትጥዪ ከጎኑ አንድ ክብ ጎጆ ሥሪ። የእኔ ፍቅር እዚያ ላይ ነው። ከዳር እስከ ዳር ስፋቱ 35 ሴንቲ የሆነ ጎጆ በእውነቱ 4 ሜትር ከ20 ይሆናል። ለጣሪያው 25 ሴንቲ ራዲየስ ያለው ክብ ካርቶን ቁረጪ፣ ከክቡ 72 ዲግሪ ቆርሰሽ አውጪ፣ የቀረውን ግጠሚው። ግርጌው ከዳር እስከ ዳር 40 ሴንቲ፣ ቁመቱ 15 ሴንቲ የሆነ ሾጣጣ ይወጣልሻል። ክፍክፉም ዙሪያውን ከግድግዳው ወጣ ይላል። ለምርጉ የተነፋ አፈር፣ ኮላና በመቀስ የደቀቀ የጤፍ ጭድ ለውሺ። የጤፍ ጭድ ከመጀመሪያውም ቀጭን ስለሆነ ለልኩ የተፈጠረ ነው። በስሱ እየደረብሽ ቀቢው፣ በአንዴ ካወፈርሽው ይሰነጠቃል።

ለክዳኑ ደንገል ያምራል። ልጡን ብቻ ገፈሽ በመርፌ ሰንጥቂው። ደንገል ግን ውሃ ይጠጣል። ከደንገል የተሠራ ታንኳ እንኳ ከሐይቅ ሲወጣ መድረቅ አለበት። ስለዚህ ጣሪያሽን ክረምት ላይ መስኮት ሥር አታስቀምጪው።

እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያለ የዘጌ ክብ ቤተ ክርስቲያን ልሥራ የሚሉም አሉ። ቅርጹ ልብ ይሰርቃል፣ እውነት ነው። የሚሠራ ሰው ቅኔ ማኅሌቱንና ቅድስቱን ያሳይ፣ መቅደሱን ግን ዘግቶ ይተወው። ለመጀመሪያ ሥራ ግን አይሆንም፣ ሥዕሉ ብቻውን ዓመት ይበላል።

አሁን አንድ ነገር ለክተሽ ጻፊልኝ፦ የጀርባው ኮምፔርሳቶ ውፍረቱ ስንት ሚሊ ነው? 3 ወይም 4 ከሆነ ያልኩሽ የድንጋይ መላ ይሠራል። ከዚያ ከወፈረ በድንጋይ ብቻ እሺ ስለማይል፣ ከሁለት በኩል የሚያጠብቅ ሞርሳ ከአናጢ ተዋሺ።