የቀለም ሴል በቤት መብራት ሥር

ጥያቄ፦ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። በቀለም አማካይነት ብርሃን የሚሰበስበው የፀሐይ ሴል ከጣሪያ ይልቅ ለቤት ውስጥ መብራት እንደሚመረጥ አነበብሁ፤ ምክንያቱን ብታብራሩልኝ? ቀለሙ ከከርከዴ ቢወጣስ ሴሉን ለአካባቢ ተስማሚ ያሰኘዋል?

መልስ፦ ሚካኤል ግሬትዘልና ብራያን ኦሬጋን እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ ባደረጉት በዚህ ሴል ውስጥ፣ እጅግ በደቀቀ የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ዱቄት ላይ (በነጭ የግድግዳ ቀለም ውስጥ ያለው ነው) የተለጠፈው ቀለም ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሮን ወደ ዱቄቱ ይለቅቃል፤ የጎደለውንም ኤሌክትሮላይት የተባለው ፈሳሽ ይተካለታል። የኤልኢዲ መብራት ብርሃን በአብዛኛው ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ባለው የሞገድ ርዝመት ክልል ስለሚወሰን፣ ለእርሱ የሚስማማው የኃይል ክፍተት (ኤሌክትሮንን ለማስለቀቅ የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ኃይል) 1.9 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው። በተለመዱት የጣሪያ ሴሎች ውስጥ ያለው የሲሊከን ክፍተት 1.1 ብቻ በመሆኑ ከእያንዳንዱ የብርሃን ቅንጣት ኃይል ብዙው ወደ ሙቀት ተለውጦ ይባክናል፤ ቀለምን ግን ኬሚስቱ ለመብራቱ እንዲስማማ አድርጎ ሊሠራው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2017 በኤሌክትሮላይቱ ውስጥ በአዮዲን ፈንታ የመዳብ ውህድ የያዘ ሴል በ1000 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን ድምቀት መለኪያ ነው) 28.9 በመቶ ውጤታማነት አስመዝግቧል። ቁጥሩ ግን አያታልልዎ፤ በ1000 ሉክስ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ የሚያርፈው ኃይል 0.3 ሚሊዋት ያህል ስለሆነ፣ 100 ካሬ ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ሴል እንኳ ከ10 ሚሊዋት በታች ይሰጣል። ለሙቀት መለኪያ ወይም ለሪሞት ይበቃል፤ ስልክ ለመሙላት ግን አይታሰብም።

በከርከዴ ውስጥ ያለው አንቶሲያኒን የተባለው ቀይ ቀለም ከዱቄቱ ጋር በደንብ ስለሚጣበቅ ለክፍል ማሳያ ደስ የሚል ነው። ሆኖም ከተክል በወጣ ቀለም የሚሠሩ ሴሎች ውጤታማነት በፀሐይ ብርሃን ብዙውን ጊዜ ከ2 በመቶ በታች ነው፤ ቀለሙም ይደበዝዛል። በእኔ አስተያየት ከቀለሙ ምንጭ በፊት መጠየቅ ያለበት ሴሉ ስንት ዓመት ያገለግላል የሚለው ነው፤ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈውን መስታወት ለማምረትና ዱቄቱን በ450 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ለመጋገር ብዙ ኃይል ስለሚፈጅ፣ በየወሩ የሚጣል ሴል ያን ወጪ ሊመልስ አይችልም። ሩቴኒየም የተባለው ብርቅ ብረት የሌለባቸው ኦርጋኒክ ቀለሞችና ከቀለሙ ትይዩ ባለው ሁለተኛው መስታወት ላይ በፕላቲነም ፈንታ የሚገባው ካርቦን መልካም እርምጃዎች ናቸው። በኤሌክትሮላይቱ ውስጥ ያለውን ቶሎ የሚተን ማሟሚያ፣ አሴቶናይትራይልን፣ በውኃ መተካት ግን ከሁሉ ይከብዳል፤ ውኃ ቀለሙን ከዱቄቱ ላይ ቀስ በቀስ ያላቅቀዋልና።

ስለዚህ ከርከዴውን ለትምህርት ይጠቀሙበት፤ በሁለተኛው መስታወት ላይ የእርሳስ ግራፋይት ይቀቡ፣ ጠርዙን ያሽጉ፣ ከዚያም በዚያው መብራት ሥር ቮልቴጁንና ከረንቱን በሠሩበት ዕለትና ከሁለት ሳምንት በኋላ ለክተው ተማሪዎችዎ እንዲያነጻጽሩ ያድርጉ።