ዓሣ ነባሪ ዓሣ ካልሆነ ስሙን እንቀይረው?

ጥያቄ፦ ስለ ውሃ ውስጥ ፍጥረታት የተሠራ ጥናት ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። በዓይን ከማይታዩት አልጌዎች እስከ ዓሣ ነባሪ ያለውን ሁሉ ይነካል። ዓሣ ነባሪ አጥቢ ስለሆነ «ዓሣ» ማለቱ ከበደኝ። ልጁን «ጥጃ» ብለው ያስኬዳል? ማይክሮ አልጌን «ደቂቀ አልጌ» ብዬዋለሁ። የዓሣ ነባሪውን ኩስ ግን ምን እንደምለው ጠፋኝ።

መልስ፦ ስሙን እንዳትነካው። የሌሊት ወፍም ወፍ አይደለችም፣ ትወልዳለች፣ ታጠባለች። ግን ስሟን ሰምቶ እንቁላሏን ፍለጋ የወጣ ሰው የለም። ሳይንሱም ቢሆን ቶሎ አልነቃም። ፍጥረታትን በየወገናቸው የመደበው የስዊድኑ ሳይንቲስት ሊኔየስ ራሱ፣ በመጽሐፉ የመጀመሪያ እትሞች ዓሣ ነባሪን ከዓሦች ጋር መድቦት ነበር፤ ወደ አጥቢዎች ያዛወረው በ1758 እ.ኤ.አ. በወጣው 10ኛ እትም ነው።

እኔን የሚገርመኝ «ዓሣ» ሳይሆን «ነባሪ» ነው። ነባሪ ማለት የሚኖር፣ የሚቆይ ነው አይደል? «የሚቆይ ዓሣ» ደግሞ ምን ማለት ነው? የቆየውን የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ግለጥ። ማቴዎስ 12፥40 ላይ ዮናስ የነበረው «በዓሣ አንበሪ ሆድ» ነው፤ ዘፍጥረት 1፥21 ላይ ደግሞ ዓሣ የሚባል ነገር ሳይጨመር «ታላላቅ አንበሪዎች» ይላል። «ዐንበሪ» በግእዝ ትልቅ የባሕር አውሬ ነው። ከዐረብኛው «ዐንበር» ጋር ይዛመዳል፤ ዐንበር ደግሞ ከአንዱ የዓሣ ነባሪ ዝርያ አንጀት የሚወጣው፣ ሽቶ ቀማሚዎች የሚፈልጉት ነገር ስም ነው። አሁን «ዓሣ አንበሪ»ን ቶሎ ቶሎ በለው። ሁለቱ አናባቢዎች አንድ ይሆኑና «ዓሣንበሪ» ይሆናል። አንበሪን የማያውቅ ጆሮ መልሶ ሲከፍለው የሚያውቀውን «ነባሪ» አገኘ፤ የእኔ ግምት ይሄ ነው። ስለዚህ ስሙን «እናስተካክል» ከተባለ ወደ አንበሪ ነበር መመለስ ያለብን። ግን ዘግይተናል።

መጠንቀቅ ያለብህ በዙሪያው የምትጽፈው ላይ ነው። «ዓሣ ነባሪና ሌሎች ዓሦች» ካልክ ያኔ ተሳሳትክ። «ተፈለፈለ»ም አይሆንም፣ ይወለዳል።

ጥጃውን ለላም ተውላት፤ የላምንም የዓሣ ነባሪንም ልጅ በአንድ ቃል የሚጠራው የእንግሊዝኛው ጥላ ነው። «ግልገል» በለው። ግልገል ከበግና ከፍየል አልፎ ለትንሽ ነገር ሁሉ ይሆናል፤ ግልገል ሱሪ እንኳ እንላለን። የሰማያዊ ዓሣ ነባሪ ግልገል ሲወለድ 7 ሜትር ገደማ መሆኑ ትንሽ ያስቃል እንጂ ቃሉን አያበላሸውም።

«ደቂቀ አልጌ» ግን ይውጣልኝ። «ደቂቀ አዳም» የአዳም ልጆች ከሆነ ያንተው የአልጌ ልጆች ሊሆን ነው። ጫፉን ሳድስ አድርገውና «ደቂቅ አልጌ»፣ ወይም በቀላሉ «ጥቃቅን አልጌ» በል። በትምህርት መጻሕፍት «ዋቅላሚ» የሚባል ቃል አለ፣ እወደዋለሁም። አንዴ ከአልጌ ጎን ጠቅሰኸው በአንዱ ቀጥል። «ጥቃቅን ዕፅዋት» ግን አትበል፤ ብዙዎቹ፣ ለምሳሌ ዳያተም የሚባሉት ባለ አንድ ሕዋስ አልጌዎች፣ ዕፅዋት አይደሉም። ደግሞ ከመላክህ በፊት እንደገና አንብበው፤ የእኔን ጽሑፍ አንድ አራሚ «አልጌ»ውን ሁሉ «አልጋ» አድርጎልኝ ባሕሩ ላይ አልጋ ሲንሳፈፍ ነበር።

ኩሱን ምን ልበለው ብለህ ራስህ «ኩስ» ብለኸዋል! እርግጥ አማርኛ እዚህ ላይ ቀናተኛ ነው፤ ለከብት እበት፣ ለፈረስና ለአህያ ፋንድያ፣ ለፍየል በጠጥ፣ ለወፍ ኩስ ይላል። ዓሣ ነባሪን ማንም አላሰበውም። ጨዋው «ዓይነ ምድር» ደግሞ ባሕር ላይ ለሚጣል ነገር አይመችም። እኔም ኩስን እመርጣለሁ። ፈሳሽ ነው፤ ማዳበሪያም ነው፤ በውስጡ ያለው ብረት ጥቃቅኖቹን አልጌዎች ያበቅላል፣ ክሪል የሚባለው ሽሪምፕ መሰል ትንሽ የባሕር እንስሳ አልጌውን ይበላል፣ ዓሣ ነባሪው ክሪሉን ይበላል፣ ከዚያ እንደገና ኩስ።