ከሰባት እርሻዎች የወጣ ቀመር

ልጆቼ፣

ሁለተኛ ዲግሪ ልትጀምሩ የምትሰናዱ ወጣት መሐንዲሶች ስታገኙኝ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ የትኛው ዘርፍ ያዋጣል? መልስ የለኝም። መንገድና ድልድይ ስነድፍ፣ በጎንም የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን ሳማክር ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖሬአለሁ፤ ያዋጣል የሚባለው ዘርፍ በየአምስት ዓመቱ ሲለዋወጥ አይቻለሁ። በምትኩ አንድ ጥፋቴን ልንገራችሁ።

ወጣት ሳለሁ ወደ ሩቅ መንደሮች ለሚዘልቅ የገጠር መንገድ የውኃ ማሳለፊያ ቱቦዎችን እንድነድፍ ተሰጠኝ። የቱቦው ስፋት የሚወሰነው በጎርፉ መጠን ነው፤ የጎርፉ መጠን ደግሞ ዝናቡ ከተፋሰሱ ጫፍ ተነሥቶ መንገዱ ዘንድ ለመድረስ በሚፈጅበት ጊዜ። ጊዜው ባጠረ ቁጥር ጎርፉ ይገዝፋል። ይህን ጊዜ ለማስላት ኪርፒች የተባለ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1940 ያሳተመው ቀመር አለ። የጅረቱን ርዝመትና ተዳፋቱን ከካርታ ላይ ለክታችሁ ስታስገቡ ደቂቃው ይወጣል። በየመማሪያ መጽሐፉ ስለማገኘው ከየት መጣህ ብዬ አልጠየቅሁትም። ቱቦዎቹን በወጣልኝ ቁጥር ልክ፣ ለጥንቃቄም ትንሽ ጨምሬ ነደፍሁ።

አንድም ቱቦ አልፈረሰም። ጥፋቴም እርሱ ነው። ገንዘቡ በኮንክሪት አለቀና መንገዱ የመጨረሻዎቹ ሦስት መንደሮች ሳይደርስ ቆመ። ከከባድ ዝናብ ማግስት እየሄድሁ ስመለከት ውኃው በእነዚያ ሰፋፊ ቱቦዎች ግርጌ ብቻ ይፈስሳል። በጀት በሞላበት ቦታ ይህ ጥንቃቄ ተብሎ ይታለፋል። እኔ ግን በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክመው እስከ መንገዱ ጫፍ የሚመጡ ሰዎችን አይቻለሁ፤ የተረፈው የቱቦ ስፋት የእነርሱ መንገድ ነበር።

የቀመሩን መነሻ የፈለግሁት ከዚያ በኋላ ነው። አሜሪካ፣ ቴነሲ ውስጥ የሚገኙ ሰባት ትንንሽ የእርሻ ተፋሰሶች ናቸው፤ ትልቁ 50 ሄክታር አይሞላም። የእኔ ጅረቶች ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚሰፋ ተፋሰስ ያላቸው፣ በረግረግና በግጦሽ ሜዳ እየተንቀራፈፉ የሚያልፉ ነበሩ፤ ቀመሩ ግን ጊዜውን አሳጥሮ ጎርፉን አገዘፈብኝ። ኪርፒች አላጠፋም፤ የመሬቱን ጠባይ ከተለካው ተነሥቶ ገልጿል። ያልለካሁትን መሬት ለእርሱ ቁጥር ያስገዛሁት እኔ ነኝ።

የመጀመሪያ ዲግሪ በቀመር መሥራትን ያስተምራል፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ሁለተኛው ዲግሪ ግን ቁጥሩ ከየትኛው መሬትና ከየትኛው ዝናብ እንደተወለደ የምትጠይቁበት ጊዜ ነው። በማደግ ላይ ባለ አካባቢ ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ባዶ መዝገብ ዘንድ ያደርሳችኋል፤ የለካ ሰው የለም። ተማሪዎቼ እዚያ ሲደርሱ «መረጃ ስለሌለ ርዕስ ልቀይር» ይሉኛል። እኔ ርዕሱ ገና አሁን ተገኘ እላቸዋለሁ፤ ደስ አይላቸውም።

እ.ኤ.አ. በ1959 ባንኮክ ውስጥ ለአካባቢው አገሮች የሚሆን የድኅረ ምረቃ የምህንድስና ትምህርት ቤት ተከፈተ። ያቋቋመው ሲያቶ የተባለው የጦር ቃል ኪዳን መሆኑ እስካሁን ያስገርመኛል። በ1967 ራሱን ችሎ የእስያ የቴክኖሎጂ ተቋም ተባለ። ከተማዋ ያረፈችው በለስላሳ ሸክላ አፈር ላይ ነው፤ የከርሰ ምድር ውኃ በብዛት ሲቀዳ መሬቱ ይሰምጣል፣ ሕንፃውም ይጎዳል። የተቋሙ መምህራንና ተማሪዎች ያንን ሸክላ ለአሥርት ዓመታት ቆፈሩት፣ ጭነት ጫኑበት፣ መስመጡን ለኩ። ዛሬ የባንኮክ ሸክላ በአፈር ምህንድስና ጥናቶች ውስጥ በስሙ የሚታወቅ አፈር ሆኗል።

«መሣሪያ የለንም» የምትሉም አላችሁ። የዘመናዊ አፈር መካኒክስ አባት የሚባለው ካርል ቴርዛጊ መሠረታዊ ሙከራዎቹን ያካሄደው ኢስታንቡል ሲያስተምር፣ ራሱ በገጣጠማቸው መሣሪያዎች ነው፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1925 አሳተመ። ይህን ስል እጦትን የሚያሞግስ ሽማግሌ ልሆን አልፈልግም። ቤተ ሙከራ ጠይቁ፣ ጨቅጭቁም። እስኪመጣ ድረስ ግን አትቀመጡ።

ስለ ውጭ ትምህርት ብዙ አልልም። ሂዱ። ደቡብ ኮሪያ ምርጥ ተማሪዎቿ ሄደው አልመለስ ሲሏት ነበር፤ ወቀሳ እንደማይበቃ ስለገባት እ.ኤ.አ. በ1971 ለዚሁ የሚሆን የድኅረ ምረቃ ተቋም አቋቁማ ተማሪዎቹን ከውትድርና አገልግሎት ነፃ አደረገች። የመመለሻው ነገር በዋናነት የመንግሥታት የቤት ሥራ ነው። የእናንተ ድርሻ ጥያቄያችሁን ይዛችሁ መሄድ ነው፤ ባዶ እጃችሁን ከደረሳችሁ አማካሪው የራሱን ጥያቄ ይሰጣችኋል፣ ሦስት ዓመትም ስለ እርሱ አገር በረዶ ታጠናላችሁ።

በኮምፒውተር የተሠራ ባለ ቀለም ካርታም አያታልላችሁ። መቶ ገጽ ካርታ ይዞ የመጣ ተማሪ ነበረኝ፤ ከነዚያ ቁጥሮች በመስክ የተለካው ስንቱ ነው ስለው ዝም አለ። እኔም ዝም አልሁ፤ በእርሱ ዕድሜ ምን እንዳደረግሁ አውቃለሁና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ተማሪዬ ከእነዚያ ከአሮጌ ቱቦዎቼ በአንደኛው አፍ ላይ የብረት ቧንቧ ተከለች። ውስጡ እንጨት አለ፣ ግርጌው ላይ የተፈጨ የቡሽ ዱቄት። ውኃው ሲነሣ ዱቄቱ ይንሳፈፋል፣ ሲወርድ በደረሰበት ከፍታ እንጨቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ጎርፉ በእኩለ ሌሊት ቢያልፍ እንኳ ጠዋት ታነባላችሁ። በሦስት ክረምት የቡሹ መስመር የቱቦውን ግማሽ አላለፈም። ጽሑፏን ስትከላከል ከፈታኞቹ አንዱ እኔ ነበርሁ፤ የቱቦውን ነዳፊ ስም ከአክብሮት የተነሣ አልጻፈችውም፤ እኔው ተናገርሁ።

ሦስት ክረምት ለጎርፍ ጥናት በጣም ጥቂት ነው። እርሷ ተመርቃ ሥራ ይዛለች። ቧንቧው እዚያው አለ፤ ከየዝናቡ በኋላ እንጨቱን አውጥቶ የሚያነብና ቡሹን የሚተካ ሰው ይፈልጋል።