ሬዚኑን ከመጀመሪያው የግዥ ጥያቄ ጋር ይጻፉ

«ከዘጌ ቡና ገለባ ፖሊፊኖል (በዕፅዋት ውስጥ የሚገኝ ውህድ) ለማውጣት በሜታኖል ፈንታ ኮሊን ክሎራይድና ግሊሰሮል ልጠቀም አስቤአለሁ፤ ከየት ልጀምር?» ብለው ለጠየቁን፦ እኔም እዚሁ ባሕር ዳር፣ በዚሁ ገለባ ላይ ስለ ሠራሁ የደረሰብኝ እንዳይደርስብዎ እጽፋለሁ።

1. ፈሳሹን ማዘጋጀት አያስቸግርም። 139.6 ግራም ኮሊን ክሎራይድ ከ184.2 ግራም ግሊሰሮል ጋር በ80 ዲግሪ ሴልሺየስ እያማሰሉ ሲያሞቁት ጥርት ይላል፤ ውፍረቱ ወደ ገለባው እንዳይዘልቅ ስለሚያግደው 30 በመቶ ያህል ውኃ ይጨምሩበት። ኮሊን ክሎራይድ እርጥበት ይስባልና በተለይ በክረምት ዕቃውን ከፍተው አይተዉት።

2. ከባዱ ነገር የወጣውን ፖሊፊኖል ከፈሳሹ መለየት ነው። ሜታኖል ማትነን ስለ ለመድኩ ይህንንም ወደ ሮታሪ ኢቫፖሬተር ወሰድኩት። ውኃው ተነነ፤ ከዚያ በኋላ ግን ማር የመሰለ ቡናማ ነገር ቀርቶ ጠብታም አልወጣ አለ። ኮሊን ክሎራይድ ጨው ነው፤ ግሊሰሮልም የሚፈላው በ290 ዲግሪ ነው። ወደ አየር አለመትነኑ ለአካባቢ ተስማሚ አሰኝቶ ያስመረጠኝ ጠባይ ነበር፤ ሥራዬን ያሰረውም ያው ጠባይ ሆነ።

መፍትሔው ፖሊፊኖልን በላዩ ላይ የሚይዝ ሬዚን (ፕላስቲክ መሰል ጥቃቅን እንክብሎች) ነው፤ እኔ ግን በግዥ ጥያቄዬ ላይ አልጻፍኩትም ነበር። ወሩ ሰኔ ነው። የግዥ ባለሙያው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «በጀት ሊዘጋ ነው፤ አስበው አይጠይቁም?» ብሎ ወረቀቴን መለሰልኝ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አልክድም፤ ይሁን እንጂ ሁለት ዓመት የደከመበትን ሥራ ይዞ ደጅ የቆመ ሰው እንዲያ ሊመለስ አይገባውም ነበር፤ ዛሬም ድረስ ይከነክነኛል። አዲሱ በጀት ተለቅቆ ሬዚኑ እስኪገባ ጥር ደረሰ፤ ያቆየሁትን ፈሳሽ ደፍቼ ከዘጌ በጀልባ ሌላ ገለባ አስመጣሁ።

ሬዚኑ እንደ መጣ ፈሳሹን በብዙ ውኃ አቅጥኜ ሬዚኑን በሞላሁበት የመስታወት ቱቦ (ኮለን) አሳለፍኩት። ኮሊኑና ግሊሰሮሉ ከውኃው ጋር ወረዱ፤ ተይዞ የቀረውን ፖሊፊኖል በ70 በመቶ ኢታኖል አውርጄ ኢታኖሉን አተነንኩት። ያን ደረቅ ቡናማ ዱቄት ከነጠርሙሱ እስካሁን አስቀምጬዋለሁ፤ በዚህ ዘዴ በቤተ ሙከራችን የመጀመሪያው ነበርና እኮራበታለሁ።

የፖሊፊኖሉን መጠን በፎሊን (ቀለሙን በመለወጥ በሚያሳየው ኬሚካል) ሲለኩም ለብላንክ (ለማነጻጸሪያው ናሙና) ንጹሕ ውኃ ሳይሆን ገለባ ያልነካውን ይህንኑ ፈሳሽ ይጠቀሙ። ኮሊኑን፣ ሬዚኑንና የመስታወት ኮለኑን በአንድ ቅጽ ላይ ይሙሉ፤ ቅጹንም ከመጋቢት በፊት ያስገቡ፣ የተቀበሉበትን ቁጥርና ቀን ሳያስጽፉ አይውጡ።