«ሀብቱ አደገ» ሲሉሽ ከምን አደገ ብለሽ ጠይቂ

ውድ እኅቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የአካውንቲንግና ፋይናንስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነሽ፤ ቤተሰቦችሽ መሐል ሜዳ በግ ያረባሉ። ለባንክ ጀማሪ ሠራተኛነት ቃለ መጠይቅ ቀርበሽ «የአንድ ትልቅ ዓለም አቀፍ ባንክ ጠቅላላ ሀብት በአንድ ዓመት በእጅጉ አድጎ ብድሩ ግን ባለበት ቢቆም ምን ትያለሽ?» ሲሉሽ መልስ አጣሽ። አሁን ደግሞ የውጭ ባንኮች መምጣታቸውን ሰምተሽ «እኔ ለዚህ ሙያ አልሆንም ይሆን?» ብለሽ ትጨነቂያለሽ።

ትሆኛለሽ። የጥያቄው መልስ አባትሽ ግቢ ውስጥ አለ።

በመንዝ በግ በርቢ መስጠት፣ ማለትም በጉን ለሌላ አርቢ ሰጥቶ ግልገሉን መካፈል፣ የታወቀ ነው። አባትሽ በረት ውስጥ 40 በግ ቢታይና 34ቱ የዘመድና የጎረቤት ቢሆኑ፣ መንገደኛው «ባለጸጋ ነው» ብሎ ያልፋል። በጎቹ በእርግጥ በእጁ ናቸው፤ ከግልገሉም ድርሻውን ያገኛል። ባለቤቱ ሲመጣ ግን መመለስ አለበት። የባንክ ጠቅላላ ሀብትም በአብዛኛው እንዲህ በሰው ገንዘብ የቆመ ነው። ደንበኛው ያስቀመጠው ገንዘብ ለባንኩ ዕዳው ነው፤ ባንኩ በዚያ ገንዘብ የሰጠው ብድር፣ የገዛው እንደ መንግሥት ቦንድ ያለ ሰነድና በማዕከላዊ ባንክ ያኖረው ጥሬ ገንዘብ ደግሞ ሀብቱ ይባላል። ዘመዶች ድርቅ ፈርተው 15 በግ ቢጨምሩ አባትሽ አንድም ሳይገዛ በረቱ ይሞላል።

ይህንን በእውነተኛ ቁጥር ላሳይሽ፤ ከዚህ በታች ስለ ውጭው ባንክ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1865 ሆንግ ኮንግ ውስጥ የተመሠረተው፣ ዛሬ ዋና መሥሪያ ቤቱ ለንደን የሚገኘው ኤችኤስቢሲ በ2019 መጨረሻ ጠቅላላ ሀብቱ 2.7 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ 3 ትሪሊዮን ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ለደንበኞች የሰጠው ብድር ግን በሁለቱም ዓመታት መጨረሻ 1.04 ትሪሊዮን ገደማ ላይ ቆሟል። ታዲያ ምን አደገ? ተቀማጩ ከ1.44 ወደ 1.64 ትሪሊዮን ዶላር ወጣ። ዓመቱ የኮሮና ነው፤ ሰዉም ድርጅቱም ወጪውን ቆጠበ፣ መንግሥታት የድጋፍ ገንዘብ አፈሰሱ፣ አዲስ ሥራ ለመጀመር ብድር የሚጠይቅ ግን አነሰ። ባንኩ ከመጣለት ገንዘብ ብዙውን በማዕከላዊ ባንኮች አስቀመጠ፤ ይህ አንድ የሂሳብ መስመር ብቻውን በአንድ ዓመት እጥፍ ገደማ ሆነ። በዚያው ዓመት ይበላሻል ለተባለ ብድር ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጪ መዝግቧል። ሀብቱ ከፍ ብሎ ሳለ ስጋቱም ከፍ ብሎ ነበር ማለት ነው። ጠያቂዎችሽ ሊሰሙ የፈለጉት ይህንን ነው።

ሌላም መንገድ አለ። ባንክ ባንክን ሲገዛ በረቱ በአንድ ቀን ይሞላል። ኤችኤስቢሲ በ1992 የእንግሊዙን ሚድላንድ ባንክ ጠቅልሎ በአውሮፓ ሥር ሰደደ፤ በ2003 የገዛው የአሜሪካው አበዳሪ ድርጅት ሃውስሆልድ ግን የማይመለስ ብድር ተሸክሞ ስለመጣ ከባድ ኪሳራ አስከተለበት። የምንዛሬ ለውጥም አለ። በ2022 ፓውንድ ሲወድቅ፣ በፓውንድ የተሰጠ ብድር በዶላር ሲጻፍ አንድም ተበዳሪ ሳይከፍል አነሰ። የእኛ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ የውጭ ምንዛሬ በእጁ ያለው ባንክ ሀብቱ በብር ሲቆጠር አበጠ።

ብድር ደግሞ እንደ ተቀማጭ በፈቀደው ቀን አይጨምርም። በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣው የባዝል ስምምነት የተባለው ዓለም አቀፍ የባንክ ደንብ ባንክ በስጋቱ መጠን ከተመዘነ ሀብቱ ቢያንስ 8 በመቶ ካፒታል፣ ማለትም የባለቤቶቹን የራሳቸውን ገንዘብ፣ እንዲይዝ ጠየቀ፤ ስለዚህ ብድር የሚሰፋው ትርፍ ተቆጥቦ ወይም አክሲዮን ተሸጦ ካፒታሉ ሲደረጅ ነው። በእኛ አገርም ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ገደበ፤ ጣሪያው ወደ 18 ከፍ ያለው በኋላ ነው። ተቀማጭ ሞልቶም ማበደር የማይቻልበት ጊዜ አለ።

እኔ ራሴ በአንድ ባንክ ቅርንጫፍ ብድር ክፍል ስሠራ፣ የቅርንጫፋችን ተቀማጭ አድጓል ተብሎ ተጨብጭቦልን ነበር። ገንዘቡ የአንድ ደንበኛ ነበርና በሦስተኛው ወር ወጣ። ከምን አደገ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። የአንድ ባንክ የሦስት ተከታታይ ዓመታት ሪፖርት ውሰጂ፤ በነጻ ይገኛል። በአንድ ገጽ ላይ ጠቅላላ ሀብቱን፣ ብድሩን፣ ተቀማጩንና ካፒታሉን ጎን ለጎን ጻፊ። ከዚያ እያንዳንዱ ለውጥ ከአዲስ ብድር፣ ከተቀማጭ፣ ከግዢ ወይስ ከምንዛሬ እንደመጣ በራስሽ አማርኛ አብራሪ። ብድሩን ለተቀማጩ አካፍለሽም እዪው፤ ኤችኤስቢሲ በ2019 ሲካፈል 72 በመቶ ነበር፣ በ2020 ወደ 63 ወርዷል።

የአጭር ጊዜ የኮምፒውተር ሥልጠና ወስደሽ መስመር ልቀይር ያልሽውን ግን አልደግፍም። ኮምፒውተሩን ተማሪ፤ ሙያሽ ግን የብድር ትንተና ይሁን። ፓርላማው በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ያጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። የሚመጡት ገንዘብና ሥርዓት ይዘው ይመጣሉ፤ የደብረ ብርሃን የገብስ ነጋዴ ገንዘብ የሚያጥረው በየትኛው ወር እንደሆነ፣ የመንዝ አርቢ በጉን ለየትኛው በዓል እንደሚያቆይ ግን ከአንቺ ዓይነት ሰው መስማት ይኖርባቸዋል። ይህ ዕውቀት ቤትሽ ውስጥ ስላደገ ቀላል መስሎሽ ይሆናል፤ በማመልከቻሽ ላይ አንድም ቦታ አልጻፍሽውም። ጻፊው።

ያልኩሽን ገጽ ስትጨርሺ ላኪልኝ። ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ቢሮ ስለምገኝ ይዘሽው ብትመጪም አብረን እናየዋለን።