ገመድና ደብተር

ለደብረ ማርቆስ፣ ለቢቸና፣ ለሞጣ፣ ለቡሬና ለዳንግላ ወጣቶች፣ ይልቁንም ለሴቶቹ፦

የወንድሜ ልጅ የምትኖረው ስዊድን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በሐምሌ፣ ደብረ ማርቆስ በጉም ተሸፍና እኔም የሚያመኝን ጉልበቴን በጋቢ ጠቅልዬ ምድጃ ዳር በተቀመጥሁበት አንድ ቀን፣ በስልኬ ተንቀሳቃሽ ምስል ላከችልኝ። ከሥሩ «አክስቴ፣ ይህ ገና አይደለም እንዴ?» ብላ ጽፋበታለች። ከፈትሁት። ሴቶች ናቸው። የኳስ ሜዳ በሚያህል በረዶ ላይ፣ ጫፉ የቆለመመ ዱላ ይዘው፣ አንዲት ትንሽ ኳስ ያሳድዳሉ። ሩጫም አይደለም፤ ጫማቸው ስለት አለው፣ መሬቱ ከሥራቸው የሚሸሽ ይመስላል። መብራት እስኪጠፋ ድረስ ደጋግሜ አየሁት።

ጨዋታው ባንዲ ይባላል። ያየሁትም ከሴቶች የዓለም ሻምፒዮና የተወሰደ ነበር።

36 ዓመት ሰውነት ማጎልመሻ ያስተማረ ሰው አዲስ ጨዋታ ሲያይ ቀድሞ የሚጠይቀው ሜዳው ስንት በስንት እንደሆነ ነው። ጠየቅሁ፤ ልጅቱም እየተሰላቸች መለሰችልኝ። ርዝመቱ ከ90 እስከ 110 ሜትር፣ ወርዱ ከ45 እስከ 65 ሜትር። 11 ለ11 ይጫወታሉ፤ 45 ደቂቃ ሁለት ጊዜ። ግቡ 3.5 ሜትር ይሰፋል፣ 2.1 ሜትር ይረዝማል። በረኛዋ ዱላ አትይዝም፤ እንደ ድንጋይ እየፈጠነ የሚመጣውን ኳስ በእጇና በገላዋ ትመልሳለች። እዚህ ላይ «ዱላ የሌላት?» ብዬ ጮኬያለሁ። ፍጹም ቅጣት ምት የሚመታው ከ12 ሜትር ነው። ያጠፋች ተጫዋች 5 ወይም 10 ደቂቃ ከሜዳ ወጥታ ትቀመጣለች፤ እስክትመለስ ድረስ ቡድኗ በጎደሎ ይጫወታል። ይህ ቅጣት በጣም ደስ ብሎኛል። ለእኛ እግር ኳስም ቢሰጠው ዳኞቻችን ብዙ ስድብ ይቀርላቸው ነበር።

አሁን ገናን አስቡት። የላይ ሰፈር ስንት ተጫዋች አለው? የመጣው ሁሉ። ሜዳው የት ድረስ ነው? እስከ ወንዙ። መቼ ያበቃል? ፀሐይ ስትጠልቅ። በተቃራኒው ወገን ቆሞ ለተገኘ ሰው «ሚናህን ለይ!» ይባላል፤ ዛሬ በየስብሰባው የምትሰሙት አባባል ከዚህ ሜዳ የወጣ ነው። ጥንጓ የጌታውን ቅልጥም ብትመታም «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ተብሎ ይታለፋል። ይህን ሁሉ የማውቀው ከዳር ሆኜ ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን ወንድሞቼ የወይራ ዱላቸውን ይዘው ሲወጡ እኔ ለጠላው ውኃ እቀዳ ነበር። «ኧሲና በል ኧሲና ገናዬ» የሚለው ዜማ እስከ ዛሬ ትዝ የሚለኝ ከእንስራ ክብደት ጋር ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ ባንዲን ጮቄ ላይ ለምን አንጀምርም?» እንደምትሉ አውቃለሁ፤ የጎረቤቴ ልጅ ብሎኛል። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ቢሆንም የሌሊቱን ውርጭ የጠዋት ፀሐይ ይጠርገዋል። በረዶውን ተዉት። እኔ እንድታዩት የምፈልገው ሌላ ነገር ነው።

የባንዲ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በ1955 (በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በታች ስለ ባንዲ የምጽፈው ዓመት ሁሉ እንዲሁ ነው) ሲመሠረት አባላቱ ስንት አገሮች ነበሩ ብትሉ አራት ናቸው፤ ስዊድን፣ ፊንላንድ፣ ኖርዌይና ሶቪየት ኅብረት። አራት ሆነው «ዓለም አቀፍ» ለማለት አላፈሩም። በ1957 የወንዶቹን የዓለም ሻምፒዮና ጀመሩ። የሴቶቹ የመጀመሪያ ሻምፒዮና የተካሄደው በ2004፣ ላፔንራንታ በምትባል የፊንላንድ ከተማ ነው። ቀንሱት፤ 47 ዓመት። ሴቶቹ ግን በእነዚያ ዓመታት እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ ውድድሩ ሳይኖር ጨዋታው ነበር። ያገሬ ሰው «ፈረንጅ አገር ሴትና ወንድ እኩል ነው» ሲል ስሰማ ይህች 47 ዓመት ትዝ ትለኛለች።

ከዚያ ወዲህ ሻምፒዮናው አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ሮዞ፣ ሃንጋሪ ቡዳፔስት፣ ሩሲያ ኢርኩትስክ፣ ቻይና ቸንግዴ ድረስ ዞሯል። እስከ 2023 ከተካሄዱት 11 ሻምፒዮናዎች ስዊድን አሥሩን ወስዳለች። አንዱን ብቻ፣ በ2014 እዚያው ላፔንራንታ ላይ፣ ሩሲያ ነጠቀቻት። ይህን ስነግራት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ «ታዲያ ሌሎቹ ምን ይሠራሉ? ለምን ይደክማሉ?» አለችኝ። ጥያቄዋ ብዙ ቀን ሲከነክነኝ ሰነበተ። እንደምትሸነፍ እያወቀች ዋንጫው የእገሌ ነው ወደተባለበት ሜዳ የምትገባ አንዲት የቻይና ወይም የአሜሪካ ልጅ ምን ታገኛለች? ጨዋታው በክረምት ኦሊምፒክ የሜዳሊያ ውድድር ሆኖ አያውቅም፤ በ1952 ኦስሎ ላይ ለማሳያ ብቻ ቀርቧል። ብዙዎቹ ሴቶች እንጀራቸው ሌላ ነው።

መልሱን ከሩቅ አላመጣሁትም። ጎረቤታችን ሶማሊያ በ2014 በወንዶቹ የባንዲ የዓለም ሻምፒዮና ተሳትፋለች። ስዊድን ቦርሌንጌ ከተማ የሚኖሩ ሶማሌ ወጣቶች ተሰባስበው በበረዶ ላይ መቆም እንኳ ገና እየተማሩ ኢርኩትስክ ድረስ ሄዱ፤ ሁሉንም ጨዋታ ተሸነፉ። በሰፊ ልዩነት። በዚያ ዓመት የውጤት መዝገብ ላይ ግን «ሶማሊያ» የሚል ስም አለ፤ የሚፍቀው የለም። የእኔ ኃጢአት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

በ1979 ዓ.ም. ከጮቄ ግርጌ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ አስተምር ነበር። ወጣት ነበርሁ፣ ደፋርም ነበርሁ። 22 ሴት ተማሪዎች ሰበሰብሁና «ገና እንጫወት» አልኋቸው። አናጢው ዱላዎቹን ለዘበኛው ልጅ ትምህርት እንድረዳ ቃል አስገብቶኝ በነጻ ቆለመመልኝ። የእንጨቷ ጥንግ ጥርስ እንዳታወልቅ ብዬ ኳሱን ከጨርቅ ሠራሁ። ኖራ አልነበረም፤ ሜዳውን በአመድ አሰመርሁ። መለኪያዬ በየ10 ሜትሩ የተቋጠረ 100 ሜትር የቃጫ ገመድ ነበር። አንዲት እናት ዋናው በር ላይ ቆማ «ሴት ልጅ ዱላ ይዛ! ምን ልታደርጊያቸው ነው?» ብላ ረገመችኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ እዚያው በር ላይ ቆማ «ልጄን ለምን ኋላ ታቆሚያታለሽ? ፊት አድርጊያት እንጂ!» ብላ በድጋሚ ረገመችኝ።

ሁለት የገና በዓል ተጫወቱ። በሁለተኛው ዓመት ወንዶቹ የራሳቸውን ጨዋታ አቁመው መጥተው አዩ። ከሴቶቹ አንዷ፣ በየቀኑ ከወንዝ ውኃ የምትቀዳ ቀጭን ልጅ፣ ኳሷን ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ማንም ሳይነካት ይዛት ሄደች። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በኋላ አላየሁም።

ከዚያ ተዛወርሁ።

ከስድስት ዓመት በኋላ በዚያች ከተማ ሳልፍ ትምህርት ቤቱ ጎራ አልሁ። «የሴቶቹ ገናስ?» ብዬ ጠየቅሁ። አዲሱ ምክትል ርእሰ መምህር ጨዋ ሰው ነበር፤ ግራ ገብቶት «የምን የሴቶች ገና?» አለኝ። ዱላዎቹን ጠየቅሁ። አንድ ክረምት እንጨት ሲጠፋ ነድደዋል። በሰውየው ልፈርድ ብፈልግም በምን አፌ? ከእኔ በቀር ስንት ለስንት እንደምንጫወት፣ ሜዳው ስንት እንደሆነ፣ ማን ማንን እንዳሸነፈ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አንድ ገጽ አልጻፍሁም። የእነዚያን 22 ልጆች ስም እንኳ ዛሬ ብትጠይቁኝ ዘጠኙን ብቻ ነው የማስታውሰው። ያቺ ቀጭን ልጅ ከዘጠኙ ውስጥ የለችም።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ባንዲን ሳይ ያስቀናኝ በረዶው አልነበረም፣ ጫማውም አልነበረም። ያስቀናኝ ላፔንራንታ ላይ በ2004 የሆነውን ሐምሌ ላይ ደብረ ማርቆስ ቁጭ ብዬ ማወቄ ነው። አንድ ሰው ሰዓት ይዞ ነበር፤ አንድ ሰው ግብ ያስቆጠረችውን ልጅ ስም በትክክለኛው ፊደል ጽፎ ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሌላ ከተማ የሚመጡት ልጆች «አምና የሆነውን» ሳይሆን «የተጻፈውን» ይዘው ጀመሩ። በእኛ በኩል ግን «በ1960ዎቹ የቢቸናን ገና ማን አሸነፈ?» ብትሉ ሁለት ሽማግሌዎች በዱላ ይጣሉባችኋል።

እናንተ ዛሬ ብዙ ነገር ትጀምራላችሁ፤ የሩጫ ቡድን፣ የንባብ ክበብ፣ ችግኝ ተከላ። አጀማመራችሁ ያማረ ነው፤ ባነር ይታተማል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል። ፎቶግራፉን አልጠላውም፤ ግን ምን ያህል ሰው እንደመጣ፣ ገንዘቡ ከማን እንደመጣና በምን እንደወጣ፣ ምን እንደተበላሸ አይነግረኝም። ከመካከላችሁ አንዷ፣ ሁልጊዜ ፊት መቆም የማትወደዋ፣ ደብተር ትያዝ። ሥራው አሰልቺ ነው። የሚያጨበጭብላት የለም። ዳኛ ሆኜ ባሳለፍኋቸው ዓመታት የታዘብሁት፣ ውድድርን ከሞት የሚያተርፉት እንዲህ ያሉት ሰዎች መሆናቸውን ነው፤ ኮከቡ ቢታመም ጨዋታው ይቀጥላል፣ መዝጋቢው ቢታመም ጭቅጭቅ ይጀመራል።

ስለ ሽንፈትም አንድ ነገር ልበል፤ ያቺ ተማሪዬ ስለጠየቀችኝ። ሰባት ለባዶ መሸነፍ ያማል። እንኳን ሰባት ለባዶ ቡድን አሠልጥኜ ዘጠኝ ለባዶ ተሸንፌ በአውቶቡስ ከፍኖተ ሰላም ተመልሻለሁ፤ መንገዱ ያን ቀን እንደ ዓባይ በረሃ ረዝሞብኝ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ግን አምስት ለአንድ ሆነ። ያቺን አንዷን ግብ ልጆቹ በጭፈራ ነው ያከበሯት። ያለፈውን ዓመት ዘጠኝ ባልጽፈው ኖሮ አምስቱ ውርደት ይመስላቸው ነበር።

ወደ ውጭ ለመሄድ የምታስቡ አላችሁ፤ አልከለክልም፣ የወንድሜም ልጅ ሄዳለች። ባንዲ የምትጫወት ጎጃሜ አንድ ቀን ብሰማ እልል እላለሁ። ለቀራችሁት ግን ይህ ነው ያለኝ፦ የሴቶች ገና 11 ለ11፣ 90 ሜትር በ45 ሜትር፣ 20 ደቂቃ ሁለት ጊዜ፣ በጨርቅ ኳስ። 45 ደቂቃውን ለደጋችን ሳንባ እንኳ ከበድ ስለሚል ቀንሼዋለሁ። ያጠፋች 5 ደቂቃ ትቀመጣለች፤ ይህችን ከባንዲ ሰርቄያለሁ። ስድብ በግጥም ከሆነ ይፈቀዳል።

ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ ቅዳሜ ጠዋት ሜዳ እወጣለሁ። ጉልበቴ ስለማያሮጠኝ ፊሽካውን ከወንበር ላይ እነፋለሁ። የቃጫ ገመዱ እስከ ዛሬ እኔ ዘንድ አለ፤ ሁለት ቦታ አይጥ በልታው ቀጥየዋለሁ፣ ስለዚህ 100 ሜትር ሳይሆን 98 ገደማ ነው። ደብተሩን እናንተ አምጡ፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የምታስታውሱ እናቶች ካሉ ጠይቃችሁ የ22ቱን ልጆች ስም ጻፉልኝ።