ሥራችሁን የሚያርምላችሁ ሰው ያለበትን ቦታ ፈልጉ

ውድ አዲስ ተመራቂ ልጆቼ፣

በ1978 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ኮሜርስ በሒሳብ አያያዝ በዲፕሎማ ስንመረቅ ሥራ መፈለግ የሚባለውን ነገር አናውቀውም ነበር። የሚመድበን መንግሥት ነው፤ የተመደብንበትን መሥሪያ ቤትና ከተማ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንብበን ሻንጣችንን ይዘን እንሄዳለን። ስለዚህ ዛሬ ታላላቆቻችሁ «እኛ በእናንተ ዕድሜ ደመወዝተኛ ነበርን» ብለው ሲወቅሷችሁ፣ ንጽጽሩ ፍትሐዊ እንዳልሆነ ከዚያው ዘመን የመጣሁ እኔ ልመሰክርላችሁ እወዳለሁ። ስለ ሥራ ፍለጋ የማውቀው በኋላ በቅጥር ኮሚቴ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተቀምጬ ከቀጣሪው ወገን ያየሁትን ነው። ስለ ሙያ የማውቀውን ግን ገና ከመጀመሪያው ምደባዬ ነው የተማርኩት።

የተመደብኩበት መሥሪያ ቤት ዋና የሒሳብ ሹም በዕድሜ የገፉ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሴት ነበሩ። አንድ ወር መጨረሻ ላይ ትራያል ባላንሱ፣ ማለትም የመዝገቡ ሁለት ወገን ድምር እኩል መሆኑ የሚታይበት ዝርዝር፣ በ90 ብር አልገጥም ብሎኝ ሁለት ቀን ሙሉ ቫውቸር (የሒሳብ ማስረጃ ወረቀት) ሳገላብጥ ከረምኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አጠገቤ ወንበር ስበው ተቀመጡና «ልዩነቱን ለዘጠኝ አካፍለው» አሉኝ። አሥር ሆነ። «ያለ ትራፊ ከተካፈለ ቁጥር ገልብጠህ ጽፈሃል ማለት ሊሆን ይችላል፤ አሥር ከመጣ ደግሞ የመቶውንና የአሥሩን ቤት እይ» ብለው ተነሥተው ሄዱ። ከሰዓት በፊት አገኘሁት፦ ቫውቸሩ ላይ 5,436 የነበረውን ሌጀሩ (የሒሳብ መዝገቡ) ላይ 5,346 ብዬ አስፍሬዋለሁ። ስህተቱን ራሳቸው ፈልገው ሊያርሙልኝ ይችሉ ነበር፤ ለእርሳቸው የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። እኔ እንድፈልገው መተዋቸው የማንም መምህር ትምህርት ያላደረገልኝን አደረገልኝ።

ይህንን የማነሣው የመጀመሪያ ሥራ ሲመረጥ ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት የድርጅቱ ስም፣ የሕንፃው ውበት ወይም የደመወዙ መጠን ሳይሆን፣ የምትሠሩትን ሥራ በየቀኑ አይቶ የሚያርም ሰው መኖር አለመኖሩ ነው ብዬ ስለማምን ነው። ይህንንም ያወቅኩት አጥፍቼ ነው። በ1985 ዓ.ም. 120 ብር ጭማሪ አግኝቼ ወደ አንድ የግል ድርጅት ተዛወርኩ። እዚያ የኔን ሥራ የሚያይ አልነበረም፤ የፈረምኩት ሁሉ ያልፋል። መጀመሪያ ነፃነት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ የውጭ ኦዲተሮች መጥተው የንብረት እርጅና ቅናሽ ስሌቴ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ የተሳሳተ እንደነበር ሲያሳዩኝ፣ እነዚያን ዓመታት አንድ ስህተት እየደጋገምኩ እንጂ እየተማርኩ እንዳላሳለፍኳቸው ገባኝ። በሥራ ልምድ ማስረጃዬ ላይ «ሦስት ዓመት» ተብሎ ተጽፏል፤ ዕውቀቱ ግን የሦስት ወር እንኳ አይሆንም።

እንዲህ ያለውን ቦታ ሳይገቡ እንዴት ማወቅ ይቻላል ብትሉኝ፣ ጠይቁ እላለሁ። በቃለ መጠይቅ መጨረሻ «ጥያቄ አለህ?» «ጥያቄ አለሽ?» ስትባሉ «የምሠራውን ሥራ የሚያየው ማን ነው? በምን ያህል ጊዜ?» ብላችሁ ጠይቁ። በኮሚቴ በቆየሁባቸው ዓመታት ይህንን የጠየቁኝ ከአምስት አይበልጡም፤ አንዳቸውንም አልረሳሁም። በምሳ ሰዓት ከድርጅቱ ሠራተኞች አንዱን አግኝቶ ማነጋገርም ነውር የለውም። በእኔ ሙያ ለጀማሪ የምመክረው ትንሽ የኦዲት ቢሮን ነው። ክፍያው ዝቅተኛ፣ ሥራው አድካሚ ነው፤ ነገር ግን በአንድ ዓመት ውስጥ የፋብሪካ፣ የአስመጪና የሆቴል መዝገብ ታያላችሁ፤ የምታዘጋጁት እያንዳንዱ ወረቀትም በአለቃ ታይቶ ይመለስላችኋል።

ብዙዎቻችሁ ያልመረጣችሁት ዲፓርትመንት ደርሷችሁ፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም የመውጫ ፈተና ተጨምሮባችሁ እንደተመረቃችሁ አውቃለሁ። «ያልወደድኩትን ተምሬ ምን ልሁን?» የምትሉ፣ የማውቃትን አንዲት ልጅ ላንሣላችሁ። በታሪክ ትምህርት ተመርቃ ሁለት ዓመት ሥራ ካጣች በኋላ በአንድ የመለዋወጫ አስመጪ ዘንድ በንብረት ክፍል ረዳትነት ተቀጠረች። ሌሎቹ ዕቃ ሲገባ ቆጥረው ይፈርማሉ፤ እርሷ ግን የቢን ካርዱን (የእያንዳንዱ ዕቃ ገቢና ወጪ የሚመዘገብበትን ካርድ) ከመደርደሪያው ጋር በየሳምንቱ እያመሳከረች የጎደለው የት፣ መቼ፣ በማን እጅ እንደጎደለ በጽሑፍ ታቀርብ ነበር። ማስረጃ ማመሳከርን የተማረችው የመመረቂያ ጽሑፏን ስትሠራ መሆኑን ነግራኛለች። ዛሬ የአራት መጋዘን ኃላፊ ናት። ዲግሪው የሰጣችሁ የትምህርቱን ርዕስ ብቻ አይደለም፤ በእጃችሁ ላይ የቀረውን ችሎታ ለይታችሁ ዕወቁት።

አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይቶ የሥራ ማስታወቂያ ማንበብ የብዙ ተመራቂ ትዝታ ነው፤ አሁን ማስታወቂያው በቴሌግራም እጃችሁ ድረስ ይመጣል። ይህ በአንድ በኩል በጎ ነው፤ በሌላ በኩል አንዱን ሲቪ ለመቶ ቦታ የመላክ ልማድ አምጥቷል። ለእኛ የተጻፈ ማመልከቻ ላይ የሌላ ድርጅት ስም ሳይቀየር ቀርቶ ስንት ጊዜ አይቻለሁ! በሳምንት ሦስት ብቻ ላኩ፤ ነገር ግን ማስታወቂያውን ደጋግማችሁ አንብባችሁ ላኩ። «ታታሪና በቡድን መሥራት የምችል» የሚለውን ሁሉም ይጽፈዋልና ኮሚቴው አያነበውም። «በተግባር ልምምድ ላይ ሳለሁ የአንድ ወር የባንክ ሒሳብ ማስታረቂያ ሠርቻለሁ» የሚለው ግን ዓይን ያቆማል። በዘመድ የሚገባ ሰው የለም ብዬ አልዋሻችሁም፤ አለ፤ ያማልም። ቢሆንም ልምምድ ላይ ያያችሁ አለቃ ስለ እናንተ ለሌላ ሰው ደውሎ ሲናገር ያ ዝምድና አይደለም፤ ያንን ምስክር በሥራችሁ ልታፈሩት ትችላላችሁ።

ለመቀጠር ብላችሁ ለማንም ገንዘብ አትክፈሉ፤ የሚጠይቃችሁ ሥራ የለውም፣ ወይም የሰው ሥራ እየሸጠ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ የሚደረግ ሲሆን ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ አይችልም፤ «ስድስት ወር በሙከራ» የሚላችሁን አሠሪ አዋጁን አስታውሱት። የሥራ ልምድ ማስረጃም ስትለቁ ብቻ ሳይሆን በጠየቃችሁ ጊዜ ያለ ክፍያ ሊሰጣችሁ ይገባል። ከደመወዛችሁ ለጡረታ 7 በመቶ ሲቆረጥ አሠሪው 11 በመቶ ጨምሮ ገቢ ማድረግ አለበትና፣ መቆረጡን ብቻ ሳይሆን ገቢ መሆኑንም አረጋግጡ። ተቆርጦ ሳይገባ የቀረ ጡረታ ስንት አዛውንት እንዳስለቀሰ በዓይኔ አይቻለሁ።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ወጥቶ ዓለም አቀፉ የሒሳብ ሪፖርት ደረጃ ወደ አገራችን ሲገባ እኔ ወደ ሃምሳ ዓመት ተጠግቼ ነበር። የማውቀው ብዙው ነገር እንደገና መማር ነበረበትና ሥልጠና ገብቼ ከልጆቼ እኩዮች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ቀን የኪራይ ውል ስሌት ተሰጥቶን ቀድሜ ጨረስኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው፣ ከተመረቀች ሁለት ዓመት የማይሞላት ልጅ፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ የሁለተኛውን ዓመት ክፍያ ወደ ዛሬ ዋጋ የቀየሩት በሦስተኛው ዓመት ስሌት ነው» አለችኝ። ወረቀቱን ወደ እርሷ አስጠጋሁላት፤ የተሳሳተውን መስመር በእርሳስ አሰመረችበት፤ አመስግኛት ከመጀመሪያው ጀምሬ ሠራሁት።